ኬሚስትሪሽን ይዘሽ ወደ ሥዕሉ ግቢ

ጥያቄ፦ በኬሚስትሪ ተመርቄ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍሴ ሥዕል ነው። ሰሞኑን በሆላንዳዊው ሠዓሊ በቨርሜር ስም ስለተሠሩ ፎርጅድ ሥዕሎች አንድ ዘገባ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሥራዬን ትቼ ሥዕል ትምህርት ቤት ልግባ? ቤተሰቦቼ «በእጅሽ ያለውን እንጀራ አትርገጪ» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽን ገና አትልቀቂ። ይህን የምልሽ ቤተሰብሽን ለማስደሰት ብዬ አይደለም። የምትመኚው ዓለም በጣም የሚፈልገው እጅሽ ላይ ያለውን ሙያ ስለሆነ ነው።

ያየሽውን ታሪክ በኬሚስት ዓይን እንየው። ዮሐንስ ቨርሜር በአውሮፓ አቆጣጠር 1632 በሆላንዷ ከተማ ዴልፍት ተወልዶ በ1675 ሞተ። ዛሬ የእሱ ናቸው የሚባሉት ሥዕሎች ቢበዛ 37 ገደማ ናቸው። እንዲህ ጥቂት ሲሆኑ «አዲስ ቨርሜር ተገኘ» የሚል ወሬ ሁሉንም ያጓጓል። ፎርጅዶቹን የሣለው ሆላንዳዊ ሃን ቫን ሜግረን የተጠቀመው በዚህ ጉጉት ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሸራ ገዝቶ የነበረበትን ሥዕል ፋቀ። ሰማያዊውን ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ፣ ነጩን ከሊድ አዘጋጀ።

አንድ ነገር ግን ከባድ ነበር። የዘይት ቀለም እስከ ውስጡ እስኪጠነክር ብዙ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። የዚያን ጊዜ ፈታሾች ጥጥ አልኮል ነክረው ሥዕሉን ያሹታል፤ አዲስ ከሆነ ቀለሙ ይለቃል። ቫን ሜግረን ደግሞ ቀለሙን ፌኖል ፎርማልዴሃይድ በተባለ ሬዚን ለወሰው፣ ባክላይት የተባለው ፕላስቲክ በሚሠራበት ማለት ነው። ከዚያ እንዲጠነክር ምድጃ ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ጋገረው። ሸራውን እየጠቀለለ ሰነጣጠቀው፣ የዘመን አቧራ እንዲመስል ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ቀለም አስገባ። አንቺ እኮ ሬዚን ሲሞቅ ምን እንደሚሆን በየቀኑ የምታይ ሰው ነሽ! ሥዕል ብቻ የተማረ ሰው ይህን አንቀጽ እንዳንቺ አያነበውም።

በ1937 አብርሃም ብሬዲየስ የተባለው የ82 ዓመት አንጋፋ ባለሙያ «የኤማሁስ እራት» የተባለውን ፎርጅድ አይቶ የቨርሜር ድንቅ ሥራ ነው ብሎ መሰከረ። በሮተርዳም ለቦይማንስ ሙዚየም ከ500 ሺህ ጊልደር (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) በላይ ተገዛ። የትልቁ ነጋዴ የዱቪን ወኪሎች ፓሪስ ላይ አይተው ሐሰት ነው ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። በኋላ አንዱ ፎርጅድ የናዚው ሹም የጎሪንግ እጅ ገባ። በ1945 ቫን ሜግረን የአገር ቅርስ ለጠላት ሸጠሃል ተብሎ ሲታሰር «እኔ ነኝ የሣልኩት» አለ። በጠባቂዎች ፊት ሌላ «ቨርሜር» እስከ መሣል ደረሰ። ነገሩን ያረጋገጠው ግን በቤልጂጋዊው ኬሚስት በፖል ኮረማንስ የተመራው ቡድን ነው። ቀለሙ ውስጥ ፌኖል ፎርማልዴሃይድ አገኙ። ጎሪንግ የገዛው ላይ ደግሞ ኮባልት ሰማያዊ ተገኘ፤ ይህ ቀለም የተፈጠረው ቨርሜር ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

አንቺ የምትፈልጊው የኮረማንስን ወንበር ነው። በሙዚየም ላብራቶሪ የሚሠራ የቅርስ ጥበቃ ሳይንቲስት ይባላል። በእጁ ከሚጠግነው ባለሙያ ይለያል። አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ በቅርስ ጥበቃና ጥገና ማስተርስ ይሰጣል፤ ጠጋኝ መሆን የሚፈልግ ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ዓመት ይሠለጥናል። ግን ልንገርሽ፣ ክፍያው ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ይከብዳል፣ የሥራ ቦታውም ጥቂት ነው። ስኮላርሺፕ ሳትይዢ እንዳትነሺ።

እስከዚያው እዚሁ ብዙ መሥራት ትችያለሽ። ፋብሪካችሁ ኢንፍራሬድ መለኪያ ወይም ጥሩ ማይክሮስኮፕ ካለው ከሥራ ሰዓት ውጭ ልማርበት ብለሽ ጠይቂ። የእያንዳንዱን ቀለም የትውልድ ዘመን አጥኚ፤ እናንተ በየቀኑ የምታመርቱበት ቲታኒየም ነጭ እንኳ ወደ ገበያ የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄደሽ እንጨት ላይ የተሣሉትን ጥንታዊ ሥዕሎች በደንብ እዪ። ለባለሙያዎቹ ኬሚስት መሆንሽን ንገሪያቸው፤ በነፃ ላግዛችሁ በያቸው። የሥዕል ፍቅርሽን ደግሞ በማታ ኮርስ አስታግሺው፤ ብሩሽ ያልያዘ ሰው የቀለም ንብርብር በደንብ አይገባውም።

ሌላም አለ። ይህ ሥራ አንገት የማይሰብር ሰው ይፈልጋል። በ2022 የዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ባለሙያዎች በማይክሮስኮፕና በምስል ቴክኖሎጂ መርምረው፣ «ዋሽንት የያዘችው ልጅ» የተባለችው የገዛ ሙዚየማቸው ሥዕል የቨርሜር አይደለችም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የቨርሜር ናት ብሎ ለእይታ አቀረባት። ክርክሩ እንዲህ ነው። አለቃሽ የአንድ ዙር ምርት የፍተሻ ውጤት «አሳልፊው» ሲልሽ እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ? ካወቅሽ ለዚህ ሥራ ግማሽ መንገድ ሄደሻል።

የውጤት ወረቀትሽንና ላብራቶሪሽ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች ዝርዝር ላኪልኝ። ለስኮላርሺፕ የምትጽፊውን ደብዳቤ አብረን እናዘጋጃለን።