ስለ ኢኢጂና ስለሚጥል በሽታ ሲስተርን ጠይቁ፦ የጅማ ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። እንደተባባልነው ዛሬ ማታ መላሿ እኔ ነኝ። ሥራዬ ኢኢጂ ማንሳት ነው፤ የአንጎል ሞገድ ምርመራ የምትሉትን። በተረፈኝ ሰዓት የሚጥል በሽታ ክትትል ላይ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የማንንም የመድኃኒት መጠን አልጨምርም፣ አልቀንስም። ክኒን የምትወስዱ ሁሉ እዚህ ባነበባችሁት ተነስታችሁ እንዳታቋርጡ። በሉ ጀምሩ።

የልጅ እናት (ሰቃ)፦ ሲስተርዬ፣ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ «ክፍል ውስጥ ፍዝዝ ትላለች፣ ስጠራት አትሰማም» አለችኝ። ኢኢጂ ታዘዘላት። ጎረቤቴ ደግሞ ኤሌክትሪክ ጭንቅላቷ ውስጥ ይለቁባታል ብላ አስፈራራችኝ።

ሲስተር፦ እናትዬ፣ ምንም የሚለቀቅ ነገር የለም። ማሽኑ ከአንጎል የሚወጣውን ብቻ ነው የሚቀዳው። እሱም በጣም ትንሽ ስለሆነ በማይክሮቮልት ይለካል፤ የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ነገሩም ትናንት የመጣ አይደለም። ሃንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሰው ጭንቅላት ላይ ቀድቶታል፤ በ1929 ጽፎ አወጣው።

አሁን ዋናው፦ ፀጉሯ። ማታ በሳሙና እጠቢያት፣ ሹሩባውን ፍቺው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ዘይት አይነካት። ይህን የምለው ትናንት የተሠራ ሹሩባ በቅቤ አርሰው የሚያመጡልኝ ስላሉ ነው። ገመዱን በማጣበቂያው ስለጥፍ ሙልጭ እያለ ይወርዳል፣ እናት «ገና ትናንት የከፈልኩበት ነው» ብላ ትቆጣኛለች፣ እኔ ደግሞ በማበጠሪያ ስፈታ ልጅ ታለቅሳለች። ያለቀሰች ልጅ ሞገድ ደግሞ አይነበብም፤ የግንባርና የመንጋጋ ጡንቻ ይሸፍነዋል። ቁርሷን ትብላ፣ ሆዷ ባዶ አይሁን። ክኒን ካላት እንደወትሮው ትውሰድ። እንቅልፍ ቀንሱላት ከተባላችሁ ቀንሱላት፤ ለምን መሰላችሁ፣ የደከመና የሚያንቀላፋ አንጎል የተደበቀውን ያወጣል።

ሲለጠፍ ጭንቅላቷን በሜትር እለካለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ 21 ቦታ እለጥፋለሁ። ከዚያ ዓይን ጨፍኚ፣ ግለጪ። መብራት ብልጭ ድርግም ይልባታል። ለሦስት ደቂቃ በኃይል ትተነፍሳለች። የአንቺ ልጅ ላይ የምጠብቀው እዚህ ጋ ነው። ልጆቹን ወረቀት አስይዤ «ንፊ» እላቸዋለሁ። ይነፋሉ፣ ይነፋሉ፤ በመሃል ወረቀቱ ቀጥ ይላል። ዓይን እንደተገለጠ ይቀራል፣ ሽፋሽፍት ትንሽ ትርገበገባለች። ስክሪኑ ላይ ሹል ከሞገድ ጋር፣ በሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ ከግራም ከቀኝም እኩል ይወጣል። አሥር ሰከንድ አካባቢ ቆይቶ ያልፋል፤ ልጅቷ ምንም እንዳልሆነ መንፋቷን ትቀጥላለች። ብትጠይቋት አታውቅም። አስተማሪ «ሰነፍ» የምትላት እንዲህ ያለችዋን ነው።

ይህም ሳይጥል የሚያፈዝ አንዱ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ መለየቱ የሚጠቅመው ለመድኃኒቱ ነው። ካርባማዜፒን ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ይህንን ዓይነት ሊያባብሰው ይችላል። ለዚህኛው የሚሰጠው ኢቶሱክሲማይድ ወይም ቫልፕሮኤት ነው። ስለ ማሽኔ ከጠየቃችሁኝ አላቆምም፤ ቀጣይ።

የአጋሮው፦ የሚጥል በሽታ ምልክቱና መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ሲስተር፦ የማን? የስንት ዓመት ሰው? ምን ሲሆን አየህ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም ወንድሜ። አስተካክለህ ተመለስ።

ወጣት (ሂርማታ)፦ ራሴን ስቼ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ በሁለቱ መሃል ወር አለ። ኢኢጂ ኖርማል ነው አሉኝ። የለብኝም ማለት ነው?

ሲስተር፦ አይደለም። ይህን ስንቴ እንደምናገር! የመጀመሪያው ኢኢጂ ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ሊያመልጠው ይችላል። የቀዳነው ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት አዌቱ ዳር ቆመህ ጎርፍ ስላላየህ ወንዙ አይሞላም አትልም። ሲደጋገምና በእንቅልፍ ሲነሳ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። በተቃራኒውም አለ፤ ወድቀው የማያውቁ ጥቂት ጤነኞች፣ በተለይ ልጆች፣ ሹል ሞገድ ይታይባቸዋል። ስለዚህ በወረቀት ብቻ ማንም አይታከምም።

በሽታውን የሚለየው ታሪኩ ነው፤ ያየ ሰው የሚናገረው። ቢያንስ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ፣ ያለ ግልጽ ቀስቃሽ ሁለት ጊዜ ከጣለ ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ይሉታል። ቀስቃሽ ስል ወባ፣ ስኳር መውረድ፣ መጠጥ ማቆም ዓይነት ነው። ራስን መሳትም ሁሉ የሚጥል በሽታ አይደለም። ሰልፍ ላይ ብዙ ቆሞ ላብ ላብ ብሎት፣ ዓይኑ ጨልሞ የወደቀ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አብሮህ ያለ ሰው በስልክ ይቅረጽህ። ዓይንህ ክፍት ነው ወይስ ጭፍን? አንገትህ ወዴት ዞረ? የትኛው እጅ ጀመረ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ስትነቃ ምላስህ ጎን ላይ ተነክሷል? ሽንት አምልጦሃል? እንዲህ ያለ ቪዲዮ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ለሐኪሙ ከእኔ ወረቀት የበለጠ ይጠቅመዋል። ሥራዬን እያናናቅሁ አይደለም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

እህት (ፈረንጅ አራዳ)፦ የት ይሻላል? ስንት ብር ነው?

ሲስተር፦ የክሊኒክ ስም አልጠራም። ዋጋ ደውለሽ ጠይቂ።

አባት (ጂሬን)፦ ልጄ ለረመዳን ልጹም አለ። ፌኖ ነው የሚወስደው።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ፌኖባርቢታል ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ ማታ አንዴ ነው የሚወሰደው፤ ከፊጥር በኋላ ይሆናል። በቀን ሁለቴ የሚወስዱ በፊጥርና በሱሁር የሚሆንበት መንገድ አለ። ሦስቴ የሆነባቸው ግን ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ያናግሩ። እኔን የሚያሳስበኝ እንቅልፉ ነው። ተራዊህ፣ ከዚያ ጫት፣ ከዚያ ሱሁር፤ መቼ ሊተኛ ነው? እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ይጥላል። ለታማሚ አለመጾም እንደተፈቀደለት ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

የመርካቶው፦ ክኒን ሱስ ነው እኮ። የአክስቴ ልጅ ፀበል ሄዶ ነው የዳነው።

የቆጪው፦ እኛ ጋም ሩቅያ የተደረገላት አለች፣ ዓመት ሆናት።

የሰርቦው፦ ወንድሜ እንዲህ ተብሎ ክኒኑን ጣለ። በሳምንቱ ምድጃ ላይ ወደቀ። እጁ ዛሬም አይዘረጋም።

የመርካቶው፦ እምነት ስለጎደለው ነው።

የሰርቦው፦ አፍህን ሰብስብ! ወንድሜን አታውቀውም።

ሲስተር፦ በቃ፣ በቃ። ፀበሉም ሩቅያውም ይሁን፤ ክኒኑ ኪስ ውስጥ ይሁን። የምቃወመው «ክኒን ከያዛችሁ አይሠራም» የሚለውን ነው። ፌኖባርቢታል ለዚህ ሕመም መሰጠት የጀመረው በ1912 ነው፤ ርካሽ ነው፣ በጅማ ዙሪያ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ክትትል ሲያደርጉበት ኖረዋል። በአግባቡ ከወሰዱ ከ10 ሰው እስከ 7ቱ መውደቅ ሊያቆም ይችላል። ድንገት ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ሳይነቁ ይደጋግማል፣ ይገድላልም።

ሲጥለው ደግሞ ክብሪት አታሽትቱት። ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ አትጨብጡት። ከእሳት አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት። አረፋው አይተላለፍም። ሰው ስለ አረፋው ፈርቶ እሳት ላይ ትቶት ሲሸሽ ነው እኔን የሚያመኝ።

ባጃጅ ነጂ፦ ከጣለኝ ሁለት ወር ሆነኝ። ልንዳ?

ሲስተር፦ አይነዳም።

ባጃጅ ነጂ፦ ቀስ ብዬ ብነዳስ?

ሲስተር፦ የጫንካቸውን ሰዎች ጠይቃቸው።

አንዲት ሚስት (ቦሳ)፦ ቫልፕሮኤት ላይ ነኝ። ልጅ መውለድ እንፈልጋለን።

ሲስተር፦ ይህን ከማርገዝሽ በፊት በመጠየቅሽ ተባረኪ። እርግዝና ላይ በቫልፕሮኤት ከ10 ሕፃናት በአንዱ አካባቢ የአካል ጉድለት ይከሰታል፤ ከ100 ደግሞ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት በአእምሮ ዕድገት ሊቸገሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ቀድሞ ሌላ መድኃኒት ሊቀይርልሽ ይችላል፣ ፎሊክ አሲድም ያስጀምርሻል። ግን ራስሽ አታቋርጪ! እርጉዝ ሆኖ መውደቅም ለልጁ አደጋ ነው። ሌሎቻችሁም ስሙ፦ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ክኒንንም በክንድ የሚቀበረውንም ያዳክማሉ። ለቤተሰብ ምጣኔ ስትሄዱ የምትወስዱትን ክኒን አሳዩ። ሳታሳዩ ተቀብሮላችሁ «ኧረ አረገዝኩ» ብላችሁ አትምጡ።

የሊሙው፦ ሳይካትሪ ክፍል ላኩኝ። እብድ ነህ ማለታቸው ነው?

ሲስተር፦ አይደለም። ብዙ ቦታ ክትትሉ እዚያ ስለሆነ ነው። ሂድ።

የደዶው፦ የእኔም ኢኢጂ ኖርማል ነው። ክኒኑን ላቁም?

ሲስተር፦ ወይ ጉድ! ለሂርማታው ልጅ የመለስኩትን አንብብ። አታቁም።

ተማሪ (መንደራ)፦ መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት፣ አንዴም አልወደቅሁም። እኔስ ማቆም አልችልም?

ሲስተር፦ አንተ ጥያቄ ጠየቅህ። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ካልጣለ ሐኪም ቀስ በቀስ፣ በወራት፣ መቀነስን ሊያስብበት ይችላል። ያን ጊዜ ኢኢጂ ይጠቅማል፤ ሹል ሞገድ ካለ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ግን አንድ ልጠይቅህ። በፊት ጠዋት ስትነሳ፣ በተለይ ሳትተኛ ያደርክ ቀን፣ እጅህ ድንገት ንጥቅ እያለ ዕቃ ያመልጥህ ነበር?

ተማሪ (መንደራ)፦ አዎ። ሦስት ሲኒ ስሰብር እናቴ ቡና እንዳላቀርብ ከለከለችኝ። ይሄም ከሕመሙ ነው?

ሲስተር፦ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ነግረኸዋል?

ተማሪ (መንደራ)፦ ማን ጠይቆኝ?

ሲስተር፦ እንግዲያው በቀጠሮህ መጀመሪያ ይህን ንገረው፣ ከዚያ ስለማቆም ተነጋገሩ። በጉርምስና የሚጀምር፣ ጠዋት እጅ የሚያስነጥቅ ዓይነት አለ። መድኃኒት ላይ እያለ በደንብ ይታገሣል፣ ሲቆም ግን ብዙዎቹ ላይ ይመለሳል። እስከዚያ ክኒንህን ዛሬ ማታም ውሰድ፤ ለፈተና ብለህም እንቅልፍ አትዝለል።