«ምንም ሳያመኝ ምን ብዬ ልመርመር?»

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። መርካቶ (የጅማውን ማለቴ ነው) ትንሽ የቅመማ ቅመም ሱቅ አለችኝ። 38 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባቴ አምና በግፊት ሞተ። ግፊት እንዳለበት ያወቅነው ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ሐሳብ ገባኝና ባለፈው ወር አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። «ምንሽን አመመሽ?» አሉኝ። «ምንም፣ ልታይ ብዬ ነው» ስል ሳቁብኝ። «ታዲያ ደህና ነሽ፣ ሂጂ ሱቅሽን ክፈቺ» ተባልኩ። አፍሬ ወጣሁ። ባለቤቴም «በሽታ ፍለጋ ነው እንዴ የሄድሽው?» ይለኛል። እውነት አበዛሁት?
ነጋዴዋ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ፈጣሪ ያጽናሽ። ምንም አላበዛሽም። እኛ አገር ካርድ የሚወጣው ለታመመ ሰው ስለሆነ «ልታይ ብዬ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉት ግራ ይገባቸዋል። ሳቁን ግን ባይስቁ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው ስትሄጂ «አባቴ በግፊት ሞቷል፣ ግፊቴንና ስኳሬን ለኩልኝ» በይ። የምትፈልጊውን በስሙ ስትጠሪው «ሂጂ» ማለት ይከብዳቸዋል።

ግፊት አያምም፣ ችግሩም ይሄ ነው። ብዙ ሰው «ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለብኝም» ይላል፤ ውሸት ነው። ሰው ከፍ ያለ ግፊት ይዞ ዓመታት እየነገደ፣ እየሳቀ፣ ሰርግ እየሄደ ሊኖር ይችላል። አባትሽም እንደዚያው ሳይሆኑ አይቀሩም። ስትለኪ ታዲያ በደንቡ ተለኪ። ከመለካትሽ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጪ (ጅማ ተቀምጦ ይሄን መምከር ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ)። ጫት የምትቅሚ ከሆነም የዚያን ቀን ይቅር፣ ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። ወንበር ላይ ጀርባሽን አስደግፈሽ 5 ደቂቃ አረፍ በይ፣ እግርሽን አታነባብሪ፣ ሲለኩሽም አታውሪ። ከባጃጅ ዘለሽ ወርደሽ እያለከለክሽ ከተለካሽ የሚወጣው ቁጥር የሩጫሽ ነው። ከ120/80 በታች ከሆነ ጥሩ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አትደንግጪ፣ በሌላ ቀን ይደገም፤ ያኔም ካልወረደ ሐኪም ጋ ቁጭ ብለሽ ማውራት አለብሽ። በመሃል ያለውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየተለካሽ መከታተል ነው።

ጨውንም ነገር አስቢበት። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፣ እሱም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በወጡ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ቡና በጨው የምትጠጪ ከሆነ ይቆጠራል፣ በርበሬውና ሚጥሚጣው ውስጥ ስንት ጨው እንደሚገባ ደግሞ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ስኳር የሚለካው በባዶ ሆድ ነው። እራት ከበላሽ በኋላ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሺ። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ከ100 እስከ 125 ያለው ገና ስኳር አይደለም፣ ግን እየመጣ ነው።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። በአገራችን የማህፀን ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል፣ አንቺ እዚያው መሃል ነሽ። ሴቶች የሚሸሹት ስለሚያፍሩ ነው እንጂ ምርመራው ራሱ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ይሄ ካንሰር ቶሎ አይመጣም፣ ዓመታት ይወስድበታል፤ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ከተገኘ እዚያው ታክሞ ይቀራል። ሴት ልጅ ካለችሽ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የዚሁ ካንሰር መከላከያ ክትባት እንዳያመልጣት። የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ምርመራም ጠይቂ። ክትባቱ ከሕፃናት ክትባት ጋር የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፣ እኔና አንቺ ያኔ ትልልቅ ሰዎች ነበርን፣ አልደረሰንም። ከቫይረሱ ነፃ ከሆንሽ በሦስት ዙር ትከተቢያለሽ።

የልጆችሽ የክትባት ካርድ የት እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል? ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው። የአንቺስ? እናትሽ ይዘውልሽ ከነበረ በኋላ ማንም አልያዘልሽም። ስለዚህ ለዱቤ መዝገብ እንደምትገዢው ዓይነት አንድ ደብተር ለራስሽ ግዢ። መጀመሪያ ገጽ ላይ አባትሽ በስንት ዓመታቸው በምን እንደሞቱ ጻፊ፣ ከዚያ በተለካሽ ቁጥር ቀኑንና ውጤቱን። ክሊኒክ ብትቀይሪ ካርድሽ እዚያው ይቀራል፣ ደብተሩ ግን ቦርሳሽ ውስጥ ነው።

ባለቤትሽን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፈውም። «በሽታ ፍለጋ ነው?» ካለሽ «አዎ፣ ቀድሞኝ ሳያገኘኝ» በይው። እሱስ መቼ ነው የተለካው? አንድ ቀን ጠዋት ቁርስም ቡናም ሳትቀምሱ ይዘሽው ሂጂ። ቡናው ስትመለሱ ይፈላል።