ቪዲዮውን ማንም አያየውም

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ሞድል በሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር ላይ ኮርስ ከፍቼ ስላይዱንም ፒዲኤፉንም የሌክቸሩንም ቪዲዮ ጫንኩ፣ አንዱ ቪዲዮ 50 ደቂቃ ነው። ማን ምን እንዳየ የሚመዘግበውን ሎግ ሳየው ግን አብዛኛው ተማሪ ከፈት አድርጎ ይዘጋዋል፣ የቀረው የፈተና ዋዜማ ነው ትዝ የሚለው። ሌላ ሶፍትዌር ልሞክር ወይስ ችግሩ የተማሪዎቹ ነው?

መልስ፦ ሰላም መምህር። ሌላ ሶፍትዌር አያስፈልግዎትም፣ ያለዎት ይበቃል። ሞድሉን እንደ መጋዘን ነው የተጠቀሙበት፣ ብዙ መምህርም እንደዛው ነው፣ ፋይሉን ጭኖ "ኦንላይን አስተማርኩ" ይላል፤ ፋይል ደግሞ ተማሪውን ምንም አያሰራውም።

መጀመሪያ ቪዲዮውን ይቆራርጡት። በፈረንጅ 2014 የወጣ አንድ ጥናት ኢድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረገጽ ላይ ካሉ ኮርሶች 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ አይቶ ነበር፣ ተማሪ ቪዲዮው የፈለገውን ያህል ቢረዝም ባብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ስለዚህ አንድ ሃሳብ፣ አንድ ቪዲዮ። ከስሩ ሁለት ሶስት ጥያቄ ያለው ኩዊዝ ያድርጉበት፣ ማርኩ ትንሽ ይሁን፣ ደጋግመው ይሞክሩት። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ፊድባክ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ እሱን ባዶ አይተዉት፣ ከሞድል ሁሉ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው ባይ ነኝ።

ዋናው ግን ክላሱ ነው። ሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ከ1991 ጀምሮ የሚሰራበት ፒር ኢንስትራክሽን (ተማሪ ለተማሪ ማስረዳት) የሚባል ዘዴ አለ፣ ለእርስዎ ኮርስ ልክ ነው። ለምሳሌ "ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ የሚለዋወጥበት መጠን) ስንት ነው?" ብለው ሜንቲሜትር በሚባለው የድምጽ መስጫ አፕ ወይ በጉግል ፎርም ይጠይቁ፣ ሁሉም ለብቻው በስልኩ ይመልስ። ብዙው ሰው "ዜሮ" ይላል፣ ኳሱ ለቅጽበት ስለቆመ አክስለሬሽኑም የቆመ ይመስለዋላ! መልሱን ቶሎ እንዳይነግሯቸው። ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከሩና እንደገና ይምረጡ፣ ከዛ በኋላ ነው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ወደ ታች መሆኑን እርስዎ የሚያስረዱት። ገና ከመጀመሪያው ሁሉም ካገኘው ይለፉት፣ ማንም ካላገኘው ደግሞ ክርክሩ ዋጋ የለውም መልሰው ያስተምሩ። ስልክ የሌለው ካለ ሀ ለ ሐ የተጻፈበት ወረቀት ያንሳ፣ ስራውን የሚሰራው ጥያቄው እንጂ አፑ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሶስተኛ አመት ተማሪ ነኝ። ሪከርድ የተደረገውን ሌክቸር ሶስት አራቴ አየዋለሁ፣ ሳየው ሁሉም ይገባኛል፣ ፈተና ላይ ግን ጥፍት ይልብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደጋግሞ ማየት ያወቅሽ ያስመስልሻል። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጅ 2006 ባወጡት ጥናት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ጽሁፉን ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን አንዴ አንብበው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት በጣም በለጧቸው። አንቺም አንዴ እዪው፣ ዝጊውና የገባሽን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ የጎደለውን ብቻ ተመልሰሽ እዪ። ያ የጎደለው አንኪ በሚባለው የጥያቄና መልስ ካርድ አፕ ላይ ካርድ ይሁን፣ መቼ እንደምትደግሚው አፑ ራሱ ያወጣልሻል። የሰው ካርድ ዳውንሎድ አታድርጊ እንጂ፣ ጥያቄውን ራስሽ ስታወጪ ግማሹ ጥናት እዛው ያልቃል።