ከሚበልጣችሁ ጋር ስትቀመጡ

ልጆቼ፣

የቼዝ ውድድር የመጀመሪያው ዙር ድልድል ሲለጠፍ ዓይናችሁ ቶሎ ብሎ የሚያርፈው ተጋጣሚያችሁ ሬቲንግ፣ ማለትም የብርታቱ መለኪያ ነጥብ፣ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ተሸናፊው ሳይወጣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ዙር በሚጫወትበት በስዊስ ሥርዓት፣ መጀመሪያ ላይ በሬቲንግ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ስለሚጣመር በ400 ነጥብ የሚበልጣችሁ ሊደርሳችሁ ይችላል። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ስሌት እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች 100 ጊዜ ቢጋጠሙ ብርቱው 92 ያህል ነጥብ (ለድል 1፣ ለአቻ ግማሽ) ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ቀሪውን 8 ነጥብ ደካማው ታግሎ ነው የሚያገኘው። በ2004 ሬይክያቪክ ላይ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ማግነስ ካርልሰን ገና በ13 ዓመቱ በፈጣን ጨዋታ ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ከጋሪ ካስፓሮቭ ጋር አቻ የወጣው ካስፓሮቭን አስጨንቆ ነው።

እኔ በወጣትነቴ እንዲህ አላሰብሁም። ነጭ ደርሶኝ ከብርቱ ሰው ጋር ተቀመጥሁ። በ12ኛው እርምጃ ንግሥቶቹን አለዋወጥሁ፣ የእሱን በልቼ የእኔን አስበላሁ፤ ንግሥት ከሌለው አይገድለኝም ብዬ ነው። ከዚያ ፈረስ በፈረስ፣ ግንብ በግንብ። አንድ ነገር ከሰሌዳው በወጣ ቁጥር ልቤ ቀለል ይለኝ ነበር። በጥድፊያዬ ወታደሮቼ አንድ መስመር ላይ ተደራረቡ። መጨረሻ ላይ ንጉሥና ወታደር ብቻ ቀረን። የእሱ ንጉሥ መሃል ገብቶ ከንጉሤ ፊት ለፊት፣ አንድ ቤት ብቻ አስቀርቶ ቆመ። ተራው የእኔ ነው፤ ከንጉሤ በቀር የማንቀሳቅሰው የለኝም። ወደ ጎን ሳነሳው ለእሱ ንጉሥ መንገዱ ተከፈተለት፤ ተሸነፍሁ። የጨዋታ ሰዓቴ ላይ ግን ገና ከ1 ሰዓት በላይ ቀርቶኝ ነበር።

ስለዚህ ፈርታችሁ አትለዋወጡ። ጥቂት ነገር በቀረበት ሰሌዳ ላይ የሚፈርደው እውቀት ነው፤ እሱም ያለው በብርቱው ዘንድ ነው። ሰሌዳው ሞልቶ ሳለ ግን እሱም ይሳሳታል። አቻ ከጠየቃችሁም እርምጃችሁን አድርጋችሁ፣ ሰዓቱን ሳትጫኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቁ፤ ቦታችሁ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ባትጠይቁ እመርጣለሁ።

ብርቱው እናንተ ስትሆኑ ለትንሹ ልጅ ወጥመድ ብቻ አትዘርጉ፤ ለእኩያችሁ የምትጫወቱትን ተጫወቱለት።

ከተሸነፋችሁም ቶሎ አትነሱ። ያ ያሸነፈኝ ሰው እጄን ጨብጦ ሲያበቃ ተቀመጥ አለኝና ሰሌዳውን ወደ 12ኛው እርምጃ መለሰው። ጣቱን ንግሥቴ ላይ አድርጎ፣ «ይህቺን ብታቆያት ንጉሤን የት እንደምሸሽግ አላውቅም ነበር» አለኝ።