የጎርፍ ክፍያው የት ይገባል? አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ጠያቂዎች መልስ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወገኖች ስለ ጎርፍ ክፍያውና ስለ መንገድ ጥገናው ብዙ ጠይቃችሁኛል። የከተማውን ምክር ቤት የበጀት ስብሰባ እከታተላለሁና የማውቀውን ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከቤት ግብር ጋር የሚመጣው የጎርፍ ክፍያ ምንድን ነው? ሌላ ግብር ነው?

አይደለም፣ ለብቻው የቆመ ክፍያ ነው። በ2018 ሲጀመር ለአንድ መለኪያ፣ ማለትም ለብቻው ለቆመ አንድ መደበኛ ቤት፣ በዓመት 140 ዶላር ነበር። በ2019 እና በ2020 ከባድ ዝናብ ብዙ ቤዝመንት አጥለቀለቀ። ሰው ተቆጣ። ምክር ቤቱም በ2021 ክፍያውን እጥፍ አድርጎ 280 አስገባው። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ገንዘቡ ለዝናብ ውሃ ሥራ ብቻ ነው የሚውለው፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለፖሊስ አይዞርም።

ጥያቄ፦ እኔ ታውንሃውስ አለኝ፣ እህቴ ኮንዶ። ለምን እኩል አንከፍልም?

የሚታሰበው ውሃ የማያሰርግ መሬት ነው፤ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ፣ አስፋልት። ኮንዶ 0.28 መለኪያ፣ ታውንሃውስ 0.42፣ ለብቻው የቆመ መደበኛ ቤት 1 ተብሎ ይያዛል። በ2021 ዋጋ እህትሽ 78 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ አንቺ 117 ከ60 ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ግብር አይከፍልም። ይሄ ሂሳብ ግን መጣብን። ተሳስተው ነው?

አልተሳሳቱም አባቴ። ነፃ የሆናችሁት ከግብር ነው፣ ከክፍያ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያንና ለንግድ ቤት ጣሪያውና ፓርኪንጉ ይለካል። አንዱ መለኪያ 2,062 ስኩዌር ፊት ነው። ፓርኪንጋችሁ ከነጣሪያው 20,620 ቢሆን 10 መለኪያ ነው፤ በ2021 ዋጋ 2,800 ዶላር። ለአንድ ሰበካ ቀላል ገንዘብ አይደለም! ግን የሚቀነስበት መንገድ አለ። የዝናቡን ውሃ በግቢያቸው ለሚያስቀሩና ለሚያጣሩ ቅናሽ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ላመለከተ ብቻ ነው። የሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው መድቦ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የትኛው ሰፈር እንደሚቀድም ማን ይወስናል? ጩኸት ያለው ነው የሚያገኘው ይባላል።

ጩኸት ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የከተማው መሐንዲሶች የዝናብ ውሃ ቱቦዎቹ ምን ያህል ውሃ እንደሚችሉ አጥንተው የችግር ቦታዎችን በደረጃ አስቀምጠዋል። ኮመንዌልዝ፣ አሽቢና ግሌብ የሚባሉት መንገዶች አካባቢ፣ እንዲሁም ሁፍስ ረን የሚባለው ጅረት ከፊት ያሉት በዚህ ነው። ሲቲ ማናጀሩ፣ የከተማው ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው፣ ይህን ይዞ የአስር ዓመት የግንባታ ዕቅድ ያቀርባል። ከንቲባውና ስድስቱ የምክር ቤት አባላት ይከራከሩበታል፣ ይቀይራሉ፣ ያጸድቃሉ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፦ ገንዘብ በእርግጥ የሚመደበው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ቀሪው ዘጠኙ ዓመት ሐሳብ ነው። «ሰፈራችን ዕቅዱ ውስጥ አለ» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው። በየዓመቱ ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ መንገዳችን ተቦርቡሯል። ከጎርፉ ገንዘብ አይሠራም?

አይሠራም፣ ኪሱ ሌላ ነው። አስፋልት ከጠቅላላ በጀትና ከክልሉ መንግሥት ለከተሞች ከሚሰጠው የመንገድ ገንዘብ ይሠራል። እያንዳንዱ መንገድ እንደ አስፋልቱ ሁኔታ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል። ከሥሩ ቱቦ የሚቀየር ከሆነ ግን አስፋልቱ ይጠብቃል፤ ዛሬ አንጥፎ ነገ መቆፈር ኪሳራ ነዋ። የሚያናድደው ይህን ለነዋሪው አስቀድሞ የሚነግር ሰው መጥፋቱ ነው።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። ያገባኛል?

በደንብ! ሂሳቡ ለባለቤቱ ቢላክም ኪራይህ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤዝመንቴ ውሃ ገብቶበት ነበር። ቱቦው እስኪቀየር ምን ላድርግ?

ቤትሽን ከጎርፍ ለመከላከል ላወጣሽው ከተማው ግማሹን፣ እስከ 5,000 ዶላር፣ የሚመልስበት ፕሮግራም በ2021 ተጀምሯል። ሥራውን ከማሠራትሽ በፊት የዘንድሮውን መመሪያ ጠይቂ፤ ደረሰኝም አትጣይ።

ጥያቄ፦ መቼ ሄደን እንናገር?

በጊዜ! የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ሲቲ ማናጀሩ ግን በፌብሩዋሪ መጨረሻ ገደማ ረቂቁን ያቀርባል። በማርች ምክር ቤቱ የቤት ግብሩን ከፍተኛ መጠን ያስታውቃል። ከዚያ በታች ማጽደቅ ይችላል፣ በላይ አይችልም። ስለዚህ በሜይ ሄዶ ማልቀስ አይጠቅምም። በስፕሪንጉ የሕዝብ መድረክ ላይ ስማችሁን አስመዝግባችሁ ተናገሩ። የመንገዱን ስም፣ ውሃ የገባበትን ቀንና ፎቶ ያዙ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁላቸው።