«ፍሬኑ ጮኸ» ወይስ «ሲጢጥ አለ»?

ከአዘዞ አንዲት እናት ጠይቀውኛል። ልጃቸው በድርሰቷ «የባጃጁ ፍሬን ጮኸ» ብላ ጻፈች። መምህሯ «ጮኸ ነፍስ ላለው ብቻ ነው» ብለው ሰረዙባት። እናት ደግሞ «እኛ ቤት ሲጢጥ አለ ነው የምንለው» ይላሉ። የቱ ነው ልክ?

እኅቴ፣ የመምህሯ ሕግ አያስኬድም። ጥሩምባ ይጮኻል፣ ጥይት ይጮኻል፣ የራበው ሰው ሆዱም ይጮኻል። «ጮኸ ከግዕዙ ጸርኀ የመጣ ነው፣ ስለዚህ የሰው ነው» የሚሉም አሉ። ታዲያ «ር» የት ገባች? ቆመ ቋሚ ይላል፣ ሞተ ሟች ይላል፣ ጮኸም ጯሂ። በግሡ ሥር መሃል የነበረችው «ው» ናት «ቋ»፣ «ሟ»፣ «ጯ» የምታሰኘው። እንግዲህ ዘመዱን የምፈልገው ከዕብራይስጡ ጻወሕ ዘንድ ነው፣ እሱም መጮኽ ነው። «ጸ» «ጨ» መሆኗም አዲስ ነገር አይደለም፤ የግዕዙ ጼው የእኛ ጨው አይደል?

ልቤ ያለው ግን ከሲጢጥ ጋር ነው። አማርኛ ጆሮ የሚያስቸግረውን ድምፅ ሁሉ በአንድ ቃል አይጠቀልልም። ድስት ይንኳኳል፣ ቃጭል ይንቃጨላል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ያቺን «ን» ልብ ይበሉልኝ፣ በድምፅ ግሦቻችን ላይ አሁንም አሁንም ትመጣለች። ጥርስ ደግሞ ያለ እሷ ይፋጫል። ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርድ ባጃጅ ፍሬን ሲይዝ የሚያወጣው ያ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ ሲጢጥ ካልተባለ ምን ይባላል? «ኢ»ዋ ቀጭን ናት፣ «ጥ» ታንቃ ትወጣለች፣ ብረት ከብረት ሲፋቅ በአፍ ውስጥ ይሰማል። «የመንደር ወሬ ነው፣ ለጽሑፍ አይመጥንም» የሚሉትን ፈጽሞ አልሰማቸውም።

ድምፁ የሚያሳድርብንን ስሜት ደግሞ ሰቀጠጠኝ እንላለን። ለእኔ ሰቅጣጭ ማለት ሰሌዳ የሚፋቅ ጥፍር ነው፣ ሲያላምጡ ጥርስ መሃል የገባ አሸዋ ነው። ዛሬ ዜናው ሁሉ «ሰቅጣጭ ግድያ» ይላል። አልወደውም፣ ግን ቃሉ ወደዚያ ሄዷል፣ ልመልሰው ብልም አይመለስም።

የልጅዎ ዓረፍተ ነገር ስሕተት የለበትም፣ የተቀነሰ ማርክ ካለ ይመለስላት። እኔ አስተማሪዋ ብሆን ግን ሳልሰርዝ ከጎኑ «ሲጢጥ አለ» ብዬ እጽፍላት ነበር።