የጠበበችሽ የቀበሌ ቤት
እህቴ፣ ጓደኞችሽ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ አራት ኪሎ ያለችው የቀበሌ ቤትሽ እንዳስጠላችሽ ጽፈሻል። እንዴት ልውደዳት ነው ጥያቄሽ። አዲስ ሶፋ ፍለጋ መርካቶ ከመውረድሽ በፊት ቡፌውን ክፈቺ። ለእንግዳ የተቀመጡትን ስኒና ሳህኖች አውጪና ራስሽ ተጠቀሚባቸው። ብዙዎቻችን ቤት ጥሩ ጥሩው ዕቃ እንግዳ ሲጠብቅ ነው የሚያረጀው፤ ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። አንቺ ከእንግዳ አታንሺም!

የጭቃ ግድግዳሽንም አትናቂው። ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። የተሰነጠቀውን በጭቃና በጭድ አስመርጊው።

ፒያሳ ሥራሽ በእግርሽ ትደርሻለሽ። ከከተማው ዳር፣ ከየካ አባዶ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚመጣ ሰው ለታክሲ ሰልፍ በሌሊት ይነሳል።

ጣሪያው ማፍሰሱን ግን ቻዪው አልልሽም። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን አስጠግኚ።